ሳትሞት የረገፈች አደይ

በረሃቡ ዘመን ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ ሳለን አንድ የቀድሞ አስተማሪ ጎረቤታችን ነበር። ዛሬ ገጣሚ ይሉታል። የሚያሞግሱት ያሞግሱት፤ እኔ የማውቀውን ልጻፍ።

ታናሽ እኅቴ ከሕክምናው ዳስ ተኝታለች። ምግብ አስጠልቷት ስለነበር እናቴ አጥሚቱን በማንኪያ ጠብ እያደረገች፣ እየለመነች ነበር የምታበላት። ሐኪሙ «ይህን ካላቋረጥሽ ትተርፋለች» ብሏታል።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። በዚያ ቆላ አደይ አይበቅልም። ልጃገረዶቹ ከሱዳናዊው ገበሬ ማሳ ዳር የሰሊጥ አበባ ለቅመው መጡ፤ ነጣ ያለ፣ እጅ ላይ ወዲያው የሚጠወልግ። በዓሉን ሊያዩ ኸዋጆች የሚባሉት ነጮች ስለመጡ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። አስተማሪው ተነሥቶ ግጥም አነበበ። የጎረቤቴ ልጅ አደይ ናት አለ። ፈካች አለ፣ በሰው አገር ረገፈች አለ፣ በመጨረሻም አፈር አለበሳት። የማንን ልጅ እንደሚል ያልገባው አልነበረም። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እናቴ አጥሚት ልትቀበል ወጥታ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰማች።

ሮጬ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እኅቴ እኮ አልሞተችም!»

«ዐውቃለሁ፣ ልጄ። ግጥም ነው። አበባው ካልረገፈ ማን ያለቅሳል?»

«እዚህስ አደይ የት አይተው ነው?»

«አቤት ምላስሽ!» ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ። እነሱ ቋንቋውን ባይሰሙም ያጨበጭቡለት ነበር። የሰሊጥ አበባ እንኳ ሲረግፍ ፍሬ ይተካል። የሱ አበባ የተካው ጭብጨባ ነው።

እናቴ ወደ ዳሱ ስትመለስ ማንኪያውን አላነሣችም።

«በቁሟ ተለቀሰላት። ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት?» አለች። ሟርት አጥብቃ ትፈራ ነበር።

ማንኪያውን እኔ ያዝኩ። እኅቴ ግን ከእናቴ እጅ ካልሆነ አፏን አልከፍት አለች። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ጥርሷን ነከሰች። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት።

ግጥሙ ገደላት አልልም፤ የገደላት ረሃብ ነው። ሐኪሙ ግን ትተርፋለች ብሎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከአስተማሪው ጋር ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። ግጥሙ በመጽሐፍ ታትሞለታል።

«የእኅትሽን ስም አስጠራሁልሽ» አለኝ።

«ስሟ የለበትም። አበባ ነው ያሉት።»

«እንግዲያ ንገሪኝ፤ እንደገና ሲታተም አስገባዋለሁ።»

አልነገርኩትም። እዚህም አልጽፈውም።