አራት ባልዲ ውሃ

ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ተይዤ አዳማ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሳሙና ሽታ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ቅማል እንዳይፈላብን የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ሕግ አውጥታለች፤ አዲስ የገባች ሴት ልብሷ በዚያው ቀን ይታጠባል። መምህር ነኝ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም፤ ማጠቡን እኔ ያዝኩት።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ አስገቡ። ከመቂ መጥታ አንድ የሽንኩርት ደላላ ቤት ትሠራ ነበር። ሰውዬው ደፈራት። ልትከሰው ስትነሳ ቀድሞ ወርቄን ሰረቀች ብሎ አሳሰራት። በፌስታል የጠቀለለችውን ቀሚስ ከጎኗ አትለየውም። በዚያው ቀን ለምርመራ ሲጠሯት ግን ጥላው ወጣች። ፈትቼ ሳየው ደም አለበት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ አራት ባልዲ ውሃ ቀይሬ እስኪጠራ ፈተግኩት።

ስትመለስ ገመድ ላይ አየችው።

«እትዬ፣ ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ። ደም ነበረበት እኮ።»

«ሐኪም ቤት ያለ ፖሊስ ደብዳቤ አንመረምርም አሉኝ። ፖሊስ ደግሞ መጀመሪያ ማስረጃ አምጪ አለኝ። መርማሪው ገና አሁን ነው አምጪው ያለኝ።»

ቀሚሱን ከነእርጥቡ አውርዳ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ደላላው ሁለት ሽማግሌዎች ላከ። ከመስኮታችን ፊት ለፊት፣ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። መርማሪው የዕርቅ ወረቀትና የአሻራ ቀለም አቀረበ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሏት አንደኛው፣ «ስምሽ ሳይጠፋ ነገሩ ይቅር። እሱም የስርቆቱን ክስ ያነሳልሻል። ቀሚሱም ታጥቧል አሉ፤ በምን ትረቺዋለሽ?»

«አባባ፣ የታጠበው ልብሱ ነው» አለች። «እኔ አልታጠብኩም።»

መርማሪው እጇን ወደ ቀለሙ ሳበ። አውራ ጣቷን ጡጫዋ ውስጥ ደብቃ ጨበጠች። ቢጎትት፣ ቢቆጣ አልፈታችም። ወረቀቱ ያለ አሻራ ተመለሰ።

ሁለታችንም ከተፈታን ቆየን። እሷ ደላላው ላይ ያቀረበችው ክስ ከብዙ ምልልስ በኋላ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው። እኔ ምስክር ስለሆንኩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ደላላው ሲገባም ሲወጣም በፊቴ ያልፋል። ዓይኔን አልነቅልለትም፤ መሬት መሬት ማየት ጀምሯል፣ ደስ ይለኛል።

የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ «ይቅር በይና ልብሽ ይረፍ» ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታው የእሷ ነው፣ እሷም አልሰጠችም። እኔ የምፈልገው የእስር ቤት በር ሲዘጋበት ማየት ነው።

የደላላው ጠበቃ ቀሚሱ ታጥቧል፣ ምንም የለበትም እያለ ይከራከራል አሉ። እውነቱን ነው፣ ታጥቧል። ከደሙ በስንተኛው ባልዲ እንደጠራ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ስሜ እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነው።