ቁልቁለት ላይ በአባቴ አዲስ ተሳቢ

የተሳቢው ብረት ከካሚዮኑ መንጠቆ ሊወጣ ብድግ ብሎ ሲንቋቋ እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ዛሬ ዲላ ገበያ ዳር ተሳቢ ሲያያይዙ ያንኑ ድምፅ ስሰማ ንዴቴ ተነሳ።

ያ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። በቅሎ ነጋዴው አባቴ ጣሪያና መደብ ያለው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሠርቶ፣ በካሚዮን አስጎትቶ፣ ውስጡ አሳፍሮን ወደ ይርጋጨፌ ይዞን ወጣ። የመጀመሪያ ጉዟችን ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር «ሁላችሁም ወደ ኋላ» አለን። በበቅሎ ቁልቁለት ሲወርዱ ወደ ኋላ ነው የሚሉት። እኛም ሄድን። ኋላው ሲከብድ ነው የፊቱ ብረት የተነሳው።

እናቴ «ወደ ፊት ልጆች» ብላ ጎተተችን።

«ስለ ቁልቁለት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት አባቴ።

«በቅሎ ከሆነ እስቲ ጆሮውን ያሳዩኝ» አለችው።

እኔ የምሯን መስሎኝ ጆሮ ፈለግሁ። አባቴ ግን ከኋላ አልነቃነቅም አለ፤ ገፍታ አመጣችው። ያኔ ብረቱ ጓ ብሎ ቦታው ገባ።

ለኩራቱ ሲል አራት ልጅ ገደል ሊከት ነበር። አጥፍቻለሁ እንኳ አላለም። እኔም ወልጄ አሳድጌ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሜዳው ላይ ካሚዮኑ ሲቆም እናቴ አንድ በአንድ አወረደችን። መሬት ረገጥን። ተረፍን።