የሦስት ወር ሰላምታ

ታይዋን ከሚባለው ገበያ አጠገብ ባለች ኮምፒውተር ቤት የታናሽ ወንድሜን የሞት ማስረጃ ስካን ላስደርግ ገብቼ ነው ሰውየውን ያየሁት። ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ባሕር ልሻገር ብሎ ቀረ።

ሰውየው በዚህ ሙቀት ሁለት ሱሪ ደርቧል። ጫማው አዲስ ነው፤ ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥሮታል። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖችን በመስመር ያያይዛል። ኮድ አይጽፍም፤ መልእክት፣ ቀንና ሰዓት ይመርጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይልካል። "ደህና አደርሽ ሆዮ፣ ሥራ ገባሁ።" አርብ አርብ ደግሞ "ጁምዓ ሙባረክ።" ሁሉም "ሆዮ" ለሚላት እናቱ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ለሦስት ወር።

"አቦ፣ መደወል አይቀልህም?" አለችው የቤቱ ባለቤት ሃዎ።

"ሥራ ይበዛል፣ እህቴ።"

"ሦስት ወር ሙሉ? ወላሂ፣ ወይ ሚስት ደብቀሃል፣ ወይ ልትጠፋ ነው!"

ሳቀች። እሱ ቦርሳውን ወደ እግሩ ሳበ።

ስክሪኑ ላይ ሰዓቱን አየሁት። ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ብሎ 1:00 ሞልቷል። ማሽኑ የሚቆጥረው ግን ከእኩለ ሌሊት ነው፤ "ደህና አደርሽ" እናቱ ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ደንግጣ ትደውልለታለች፣ ገና ድንበር ሳይሻገር።

መዝገብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የተሳሳተ ሰዓት አይቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም።

ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ የተማሩ ይመስላሉ፤ እስቲ ይዩልኝ፣ ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አልኩት።