ያላየሁትን አይቻለሁ ያልሁ ዕለት

ይህን ለማንም አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም ሻርሁ፣ ሰው አማሁ እያልሁ ትንሽ ትንሹን ስናገር ይህን እየዘለልሁ ነው የኖርሁ። ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው።

አምና ኮሌጅ እንደገባሁ፣ በፈተና ከፍ ያለ ውጤት ላመጣን ጥቂት ልጆች ድርሰት መጻፍ የምንማርበት ልዩ ክፍል ተከፈተልን። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። መምህራችን አቶ ፍሥሐ አንድ ሕግ ነበራቸው። ድርሰቱን የጻፈው ቆሞ ያነባል፤ ጓደኞቹ የተጠራጠሩት ነገር ካለ “አይተሃል?” ብለው ይጠይቁታል። “አይቻለሁ” ካለ ይቆያል፤ ካላየ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። የእኔ የመጀመሪያ ድርሰት ተሰርዞ ተሰርዞ ጥቂት መስመር ቀረው። ልጆቹ “ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀረ!” ብለው ሳቁብኝ።

ለሁለተኛው ድርሰት ፀዳ መንደር፣ አክስቴ ዘንድ ሄድሁና ጎረቤቷን እመት አለሚቱን ሳይ ዋልሁ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ሸክላ ይሠራሉ። “ምነው ቆምሽ ልጄ? አረፍ በይ እንጂ” ብለው ጥላው ሥር ያለ ድንጋይ አሳዩኝ። ጭቃውን እየዳመጡ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እመት አለሚቱ ቀና አላሉም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ስጽፈው ግን ብዕሬ አልቆም አለኝ። “ሸክላ ሠሪዋ ቀና ብላ ሕፃኑን አየችው። ሕፃኑ አንዴ ጮኸና እናቱ ጀርባ ላይ ክው ብሎ ደረቀ” ብዬ ጻፍሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ብቻዬን ጮክ ብዬ ደጋግሜ አነበብሁት። “ቡዳ” የሚለውን ቃል አልጻፍሁም። እኛ አገር መጻፉ መች ያስፈልጋል?

ክፍል ውስጥ ሳነበው የሳቀብኝ የለም። የፀዳው ልጅ መኳንንት ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሲደርቅ አይተሻል?” አለኝ።

“አይቻለሁ።”

“ይህስ ሸጋ ነው” አሉ አቶ ፍሥሐ።

ማን አስገደደኝ? አላየሁም ብል የሚሰረዝብኝ አንድ መስመር ነበር። እኔ አንድ መስመር ሰስቼ ሰው ሰጠሁ።

ከፋሲካ በኋላ የመኳንንት እኅት ልጅ ትኩሳት ያዘው። መኳንንት ድርሰቴን ለካ አገሩ ገብቶ ለዘመዶቹ ተርኮላቸው ኖሯል። ቅዳሜ ነበር፤ እኔም አክስቴ ጋ ነበርሁና ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ለእመት አለሚቱ ሰንበታቸው ነው። ነጭ ለብሰው ከተቀመጡበት የመኳንንት ዘመዶች ጎትተው ሕፃኑ ወደተኛበት ደጅ አመጧቸው። የሕፃኑ አያት አያ ካሴ በትራቸውን እያወዛወዙ “እንትፍ በይበት! ልቀቂው!” ይላሉ።

“ምኑን ይዤ ምኑን ልልቀቅ ጌታዬ? እኔም የወለድሁ ነኝ።”

“የኮሌጅ ልጅ በዓይኗ አይታሽ ጽፋለች! ይቻትና! ምነው ዝም አልሽ ልጄ? ንገሪያት እንጂ!”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እመት አለሚቱም ዞሩ። ብክድ ውሸታም ልባል ነው፣ መኳንንት ክፍል ገብቶ ሊያወራብኝ ነው፣ ከተመረጡት ልወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። በትሩ እሳቸው ራስ ላይ ተሰንዝሮ እኔ የፈራሁት ለክፍሌ ነው! ደግሜ “አይቻለሁ” አልሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ።

እመት አለሚቱ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብለው እንትፍ አሉበት።

በማግሥቱ ሕፃኑ ተሻለው። መኳንንት ከኮሌጁ ሐኪም ቤት ያመጣለትን መድኃኒት ከዓርብ ጀምሮ መጠጣቱን ያነሣ የለም፤ ራሱ መኳንንትም። “ስትተፋበት ለቀቀው” ተባለና የልጁ መዳን እመት አለሚቱ ላይ ጨርሶ ፈረደባቸው። እንስራቸውን የሚገዛ ጠፋ፤ ልጆቻቸው ውኃ ሲወርዱ በድንጋይ ተባረሩ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ባዶ ሆነ።

ድርሰቴ ግን ምርጥ ተብሎ አዳራሹ ውስጥ ተለጥፏል። በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ እፈጥናለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርህ? ይህንንም እየጻፍሁ አንዳንዱ መስመር ሲያምርልኝ ፈገግ እላለሁ፤ ወዲያው ይበርደኛል። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰሞኑን አክስቴ ማክሰኝት ገበያ እመት አለሚቱን የመሰለች ሴት ምንቸት ስትሸጥ አየሁ አለችኝ። በገበያ ቀን ማኪና አለ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣና ከመንገድ እመለሳለሁ። ብሄድ ወሬው ይከተላቸዋል፣ ከዚያም ያስነሣቸዋል እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ። ውሸቴን ነው። ዓይናቸውን ፈርቼ ነው። ያን ዕለት ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን እንደሆንሁ ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይቅር በለኝ አልልህም። የበደልሁት አንተን አይደለም።