የባልዲው ውሃ

ባለቤቴን የደበደቡት ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ በነበረን ትንሽ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሁለት ሆነው ገቡ። አንዱ በሩን ዘግቶ ቆመ፣ ሌላው የቤዝቦል ዱላ ይዞ ወደ ባንኮኒው ሄደ። እጆችህን ባንኮኒው ላይ አድርግ አሉት፤ አደረገ። የፈለጉትን ወስደው ሊወጡ ሲሉ ዱላ የያዘው ዞር አለና አንድም ቃል ሳይናገር የባለቤቴን ቀኝ እጅ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። እኔ ከኋላ ባለው ክፍል ካርቶን እየቀደድኩ ነበር። የሰማሁት እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ነው። በመካከሉ የሰው እጅ እንዳለ ያወቅሁት ወጥቼ ሳይ ነው።

ሰዎቹ አልተያዙም። ሐኪሞች እጁን ደጋግመው ኦፕሬሽን አደረጉለት፣ ብረት አስገቡበት፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ሱቁን ሸጥን። እኔ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ተቀጥሬ ገባሁ፣ እሱ ቤት ዋለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ሕመሙ ሲነሳበት በር በእግሩ መምታት ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ አሞቄ ሳቀርብ ወጡን ከነድስቱ ግድግዳ ላይ ወረወረው። ቅባቱ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ አልለቅ ስላለኝ ቦታውን በካሌንደር ሸፈንኩት። ሌላ ቀን በደህናው እጁ የመኪናዬን የጎን መስታወት በቡጢ ሰበረው። ሥራ ቦታ ሲጠይቁኝ ድንጋይ ተፈናጥሮ ነው አልኩ።

ሐኪሙ የማስታገሻውን ኪኒን ሲቀንስበት ነው ለሕመሙ ብሎ ካናቢስ ያመጣው። ኦሃዮ ውስጥ አዋቂ ሰው ለራሱ ጥቂት ተክል ቤቱ ማሳደግ ይችላል ተብሎ በሕግ ተፈቅዶ ነበር። እኔ ሐሺሽ ከሚለው ሌላ ስም አላውቅለትም። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ችግኞቹን ምድር ቤት፣ ቤዝመንት አውርዶ፣ መብራት ሰቅሎላቸው ደረስኩ።

"እኔ ቤተክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ" አልኩት። "ሰው ቢሰማስ?"

"የሚሰማው ሰው በእኔ ፈንታ እጁን ያመዋል?" አለኝ።

ተከራክሬ አልከለከልኩትም። ደግሞ ያን ሰሞን ችግኞቹ ላይ አጎንብሶ ሳየው፣ በር የማይመታበት አንድ ነገር አገኘ ብዬ ተውኩት።

በአንድ እጅ ሙሉ ባልዲ ማንሳትና ማዘንበል ስለማይችል ውሃ ማጠጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያነበበውን ያዝዘኛል። ሁለታችንም ጀማሪዎች ነን። መጀመሪያ በየቀኑ አጠጣኋቸውና ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠሉ። ልትገድያቸው ነው አለኝ። ከዚያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ ውስጡ ደረቅ ሲሆን ብቻ ማጠጣት፣ የተተከሉበትንም ፖት ብድግ አድርጌ በክብደቱ መለየት ለመድኩ። ቀጥሎ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው የሚል አነበበ። ስለዚህ ቤዝመንት ካለው የማጠቢያ ሲንክ ባልዲዎቹን እየሞላሁ ክዳን ሳላደርግ አሳድራለሁ፣ በማግስቱ በብረት ማጠጫ እየቀዳሁ አጠጣለሁ። የክሎሪኑ ሽታ ሲጠፋ ውሃው ተስተካከለ ብለን ደስ አለን።

ከሲንኩ አጠገብ የውሃ ሶፍትነር ነበር። የኮለምበስ ውሃ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ያስገቡት ነው። ሻወሩና ማንቆርቆሪያው ነጭ ነገር እንዳይዝ ውሃውን ያለሰልሳል፣ በየጊዜውም ጨው ይጨመርበታል። እጁ ከተሰበረ ወዲህ የጨውን ከረጢት ተሸክሜ የምገለብጠው እኔ ነኝ።

ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ቡናማ መሆን ጀመሩ። ከዚያ ጠርዛቸው ተቃጠለ፣ ወደ ውስጥ ተጠቀለሉ። ብዙ ውሃ አፍስሰሽ አፈሩን እጠቢው አለኝ፤ አጠብኩት። ባሰባቸው። እንደገና እጠቢው አለኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመጣ ከፖቶቹ ሁለቱን ግድግዳ ላይ ፈጥፍጧቸው፣ ግንዳቸውን ሰባብሮ፣ አፈሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እግሩ ባዶ ነው፤ የፕላስቲክ ስባሪ ቆርጦት ደሙ ከጭቃው ጋር ተለውሷል። እንኳን ሊያብራራልኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። መጥረጊያ አምጥቼ ጠረግኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ከታች ጠራኝ። ወረድኩ። የጨው ከረጢቱን ተክሎቹ መሃል አስቀምጦታል። በፖቶቹ አጠገብ ተሸክሜው ሳልፍ ተቀዶ ኖሮ ከሶፍትነሩ እስከ ፖቶቹ ድረስ ጨው ወለሉ ላይ ተንጠባጥቧል።

"ይሄ ምንድነው?"

"የሶፍትነሩ ጨው ነው።"

"እኔን ሕፃን አድርገሽኛል። ከመጀመሪያውም አልፈለግሽም። ቤተክርስቲያን የምሄድ ነኝ አላልሽም? ጨው ነው የምታደርጊባቸው።"

"አልነካኋቸውም። ምን ሆነሃል?"

የብረቱ ማጠጫ አጠገቡ ነበር፣ እስከ ግማሹ ውሃ አለው። በግራ እጁ አንስቶ አንገቴ ሥር አሳረፈው። ደረቴን ከትከሻዬ ጋር የሚያያይዘው አጥንት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። በጉልበቴ ወደቅሁ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጨምድዶ ይዞ ወደ ባልዲው ጎተተኝ።

"ቅመሽውና ጨው የለውም በይኝ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ጭንቅላቴን ባልዲው ውስጥ ደፈቀው።

ውሃው ባፌም ባፍንጫዬም ገባ። ቀና ሲያደርገኝ "ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይልም" አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ምንም አይልም ነበር። ትንሽ ያሟልጫል እንጂ ጨው ጨው አይልም። መልሶ ደፈቀኝ። ነጠላው ረጥቦ አንገቴን አነቀው። እዚያ ውስጥ ዓይኔን ገልጬ የባልዲውን ነጭ ታች ሳይ፣ ይሄ ሰው አይተወኝም ብዬ አሰብኩ። ማጠጫው ከጎኔ ወድቆ ነበር። በደህናው እጄ አገኘሁት። እሱ ሚዛኑን ለመጠበቅ የታመመ እጁን ባልዲው ጠርዝ ላይ አድርጓል። ቀና ሲያደርገኝ ማጠጫውን እዚያ እጁ ላይ አወረድኩት።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ሰምቼ አላውቅም። እጁን ሆዱ ላይ አቅፎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በእሱ ላይ ተራምጄ ደረጃውን ወጣሁ። ጎረቤታችን አሜሪካዊት ሴትዮ ግቢዋን እያጸዳች ነበር፤ እርጥብ ነጠላዬንና የተንጠለጠለ ክንዴን አይታ ስልኳን አወጣች፣ ለድንገተኛ እርዳታ ናይን ዋን ዋን ኮል አደረገች።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እኔ አምቡላንሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ካቴናውን ሲያስገቡለት እንደገና ጮኸ። "እጁ ስብር ነው፣ አታጥብቁበት" አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ዳኛው እንዳይቀርበኝ አዘዘ። ሲለቁት ዎርዝንግተን የሚባለው ሰፈር ያለው ታላቅ ወንድሙ ቤት ገባ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ እንደ አባት ያየኋቸው ሰው ናቸው። ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ክንዴ በጨርቅ ታስሯል። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "እንዳትቀየሚኝ" አሉ። "እውነት ጨው አድርገሽበት ነበር?"

"ጋሼ፣ እርስዎም?" አልኩ። ብርቱካኑን ትተው፣ አቀርቅረው ወጡ።

ከምቱ ይልቅ ያ ጥያቄ አላስተኛኝም። በማግስቱ ከተቃጠሉት ቅጠሎች ጥቂት በላስቲክ ይዤ የአትክልት ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሄድኩ። ሻጩ ቅጠሉን አገላብጦ አየና በእንግሊዝኛ "ቤታችሁ ሶፍትነር አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"እሱ ነው። ካልሲየሙን ያወጣና በምትኩ ሶዲየም ይተካል። ለመታጠብ ጥሩ ነው። አፈሩ ውስጥ ግን በየጊዜው እየተጠራቀመ ሥሩን ያቃጥለዋል። የግቢው ቧንቧ ብዙ ጊዜ በሶፍትነሩ ስለማያልፍ ከዚያ ቅጂ።"

"ውሃ ቢበዛለትስ አይታጠብም ነበር?"

"በዚያው ውሃ ከሆነ ይብስበታል" አለ።

መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። እጠቢው ሲለኝ ያጠብኩበት ውሃ ሁሉ መርዝ ነበር፤ አዛዡ እሱ፣ አፍሳሿ እኔ፣ የተመታሁትም እኔ። ቤት ገብቼ ቤዝመንት ወረድኩና ያደሩትን ባልዲዎች በሙሉ በእግሬ ገለበጥኳቸው። ሶፍትነሩን የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር እስኪነሳ በእርግጫ መታሁት። ከዚያ ውሃው መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁለት ተክሎች በሕይወት ቀርተው ነበር። ለምን እንዳልጣልኳቸው በደንብ አላውቅም፤ ትክክል መሆኔን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ይመስለኛል። ከግቢው ቧንቧ በትንሽ ጆግ እየቀዳሁ፣ ውሃውን ቤት ውስጥ አሳድሬ፣ ቅዝቃዜው ሲለቅ አጠጣኋቸው። የተቃጠለው ቅጠል አልዳነም። ከላይ የወጣው አዲሱ ግን ንጹሕ አረንጓዴ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ቴክስት አደረግኩላቸው፤ የሻጩንም ቃል ጻፍኩላቸው። ወዲያው ደውለው "ይቅር በይኝ ልጄ" አሉኝ።

የፍርድ ቤቱ ነገር አልቆ እንዳይቀርበኝ የተሰጠው ትዕዛዝ ከተነሳ፣ እሱም ንዴትን ስለመቆጣጠር የሚሰጠውን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ፣ ልብሱን ሊወስድ ከጋሼ ጋር መጣ። ከስቷል። እኔ የመስታወቱን በር ሳልከፍት ከውስጥ ቆምኩ።

"ውሃው መሆኑን ነገሩኝ" አለ።

"አለመንካቴን እኔም ነግሬህ ነበር። አፌ በውሃ ተሞልቶ ነው እንጂ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ባውቅ ኖሮ አልነካሽም ነበር። ጨው ያደረግሽ መስሎኝ ነው።"

"ጨው አድርጌ ቢሆንስ?" አልኩት።

  ዓይኑን ስጠብቀው ወደ እጁ አየ፣ ወደ በረንዳው ወለል አየ። አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋው። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሌለው ያን ጊዜ አየሁ፤ ከእሱ ጋር ለመታረቅ የነበረኝ ሐሳብ ካለ እዚያ በር ላይ አለቀ።

ሻንጣዎቹን አስቀድሜ በረንዳው ላይ አውጥቼ ነበር። ተክሎቹንም። ሕመሙ እውነት መሆኑን አውቃለሁና ልይዝበት አልፈለግኩም። "እርስዎ ቤት ሶፍትነር ካለ ከውስጥ አያጠጧቸው" አልኳቸው ጋሼን። "ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ከተው፣ ሲደርቅ ብቻ ነው።" ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሰው ሁለቱን ፖቶች በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ወደ መኪናው ወሰዱ። እሱ ሻንጣውን በግራ እጁ እየጎተተ ተከተላቸው።

መኪናው ሲወጣ ቆሜ አላየሁም። የከሰዓት ሺፍት ነበረኝ፤ የሥራ ጫማዬን አደረግኩ።