ኤክስ የተደረገባት ቃል

ዛሬ ሰበታ፣ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ሃርከን ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቤት ገብቼ ያንን ሽፋኑ የተገነጠለ ዲክሽነሪ ፈልጌ አወጣሁ። ኤክሷ አለች። ይኸውላችሁ፣ አሁንም ታናድደኛለች።

ቡራዩ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን፤ እኔና የዴስክ ጓደኛዬ። ለትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድር እየተዘጋጀሁ ነበር። ከትምህርት ስንወጣ በገፈርሳ ግድብ በኩል በእግራችን እየሄድን እሷ ዲክሽነሪውን ይዛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ካወቅኩ በእርሳስ ራይት፣ ከሳትኩ ኤክስ። የከሰዓት ፀሐይ ውሃው ላይ ታብረቀርቃለች፣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ እኔ ግን ከቃላቴ ሌላ የሚታየኝ አልነበረም።

ያን ሳምንት በየቀኑ «ቆይ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» ትለኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። «መጀመሪያ ጠይቂኝ!» ወይ ድንቁርና!

ዓርብ ዕለት «ሃርከን» አለችኝ።

አንበለበልኩት። «የድሮ ቃል ነው፤ ዛሬ ማንም ሲያወራ አይለውም። መጽሐፍ ቅዱስና የጥንት ግጥም ውስጥ ነው ያለው። ድምፅ ጆሮ መግባቱ ብቻ አይደለም፤ የያዙትን ትቶ፣ ልብ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው።»

እርሳሷን አንስታ ኤክስ አደረገችበት።

«ምን ሆነሻል? ምኑን ሳትኩት?»

«ስተሻል።»

«ኧረ በናትሽ! ቃል በቃል እኮ ነው ያልኩት!»

ዲክሽነሪውን ዘግታ ሰጠችኝና «ነጋቲ» ብላ ወደ ሰፈሯ ታጠፈች። በኦሮምኛ ደህና ሁኚ ማለቷ ነው። ተናድጄ ስለነበር አልመለስኩላትም።

ሰኞ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማክሰኞም ስትቀር ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ቅዳሜ ዐረብ አገር ሄደች። አልነገረችሽም እንዴ?»

«አልነገረችኝም።»

«እንዴት ይሆናል ልጄ? ‹ከጓደኛዬ ልማከር፤ ቅሪ ካለችኝ እቀራለሁ› ስትል ነው የሰነበተችው።»

አቀርቅሬ ተመለስኩ።

ውድድሩ ላይ ያቺው ቃል ደረሰችኝ። ቃል በቃል መለስኩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ ደብዛዋ ጠፋ፤ አንድ ቀን እንኳ አልደወለችም።

ዛሬ ኤክሷን ላጠፋት ላጲስ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ልክ ነው ያረመችኝ።