ሜሞሪውን እንደ ቁና ሰፈርኩት

ደባርቅ ላይ ሠርግ ማንሳት የጀመርኩት ካሜራ ገና ፊልም በሚጎርስበት ጊዜ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደርስ ወጥቻለሁ፤ ንባቤ የእንቅፋት ነው፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ፎቶ የሚይዘው የካሜራ ሜሞሪ ላይ 32 ጊጋ የሚል አየሁና 32 ነው ብዬ ገዛሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

በዚያ ሜሞሪ የአንዲት የደባርቅ ልጅ ሠርግ አነሳሁ። አያቷ እርጅና ተጭኗቸው ሳለ ከተራራው ማዶ፣ ከአምቢኮ ሁለት ቀን በበቅሎ መጥተው ነበር። ወደ ማብቂያው ላይ ሙሽሮቹ የሽማግሌውን ጉልበት ሲስሙ፣ እሳቸው እጃቸውን ከሙሽሪት ራስ ላይ ጭነው መረቁ። እኔም ተንበርክኬ አነሳሁ። በካሜራው መስኮት አይቼዋለሁ፤ ነበረ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የጧቱ ሁሉ አለ። ከምሳ ወዲህ ያለው ግን ሲከፍቱት አመድ የመሰለ ባዶ ነው።

«አባባ፣ ይኼ አስመስለው የሠሩት ነው» አለችኝ የፎቶ ቤቷ ሴት። «32 ይበል እንጂ የሚይዘው ከሩቡ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ የከተቱት ሁሉ ፈሷል።»

ዞሬ ሙሽሪት ቤት ሄድኩና የሆነውን ተናገርኩ። አባቷ «ይሁን፣ ከላይ የመጣ ነው» አለ። ልጅቱ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሌላው ይቅር። የአያቴ ምርቃት የታለ? ሲሄዱ እንኳ ‹ከእንግዲህ ደባርቅን አላያትም› ብለው ነው የተሰናበቱን።»

እሷም ብትሆን በአሥረኛው ቀን ባሏ ወደሚሠራበት ቆላ ልትወርድ ነው።

«አምቢኮ ድረስ ሄጄ አነሳዋለሁ» አልኩ።

«አንተ ሰው፣ በዚህ ጉልበትህ?» አለ አባቷ።

«የእኔን ጉልበት ተወው። የሚሳመው የእኔ አይደል።»

ከዚያ ሜሞሪውን የሸጠልኝ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ከአባቱ ጋር ዳባት ገበያ ተዋውቀን የኖርን ነን።

«ወላሂ አባባ፣ እኔም ተታልዬ ነው» አለ። «ይኸው፣ ሌላ ልቀይርልዎ።»

«እቀበላለሁ። ሰፍሬ ግን ነው።»

«ሜሞሪ ደግሞ ይሰፈራል?»

«ምነው አይሰፈር? አባትህ ቁና ሲገዛ ጤፍ ሞልቶ፣ ነቅንቆ፣ ገልብጦ አይቶ ነው። ታቹ የተደፈነ ቁና ከላይ ሲያዩት ያው ቁና ነው።»

ከሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱን ሜሞሪ ከተትኩና ካሜራውን በቪዲዮ ወደ ጎዳናው አዞርኩ። ከሊማሊሞ የሚወጣውን መኪና፣ በግ የሚነዳውን፣ ሁሉን ቀረጽኩ። ባትሪው ሲያልቅ እቀይራለሁ፤ ያለቀውን ሱቁ ውስጥ እሰካለሁ። ሞላ ሲለኝ ካሜራውን አጠፋሁ፣ ሜሞሪውን አወጣሁ፣ መልሼ ከትቼ የመጨረሻውን ከፈትኩ። ባዶ፤ ይኼም የውሸት ነው፤ ሌላ አስቀየርኩ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ነጋዴው ተንጨረጨረ። «አባባ፣ ደንበኛዬ ሁሉ የሚቀረጽ መስሎት ሸሸ እኮ!»

«የሸሸው ዕዳ ያለበት ነው» አልኩት። አላፊ አግዳሚው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ያን ቀን የሰፈርኩት እስከ መጨረሻው ያዘ። በሦስተኛው ቀን ለመጠባበቂያ ሌላ ገዝቼ ሰፈርኩ፤ እሱም ያዘ። የጎዳናውን ቀረጻ ከሁለቱም ሰርዤ ተነሳሁ።

ሙሽሮቹን ይዤ በጭነት መኪና የቧሂትን ተራራ ተሻገርን፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቁልቁል ወረድን፤ ወንዙን ተሻግረን ደግሞ ዳገቱን ያዝን። ሙሽራው ሱፉን በፌስታል ይዞ በየድንጋዩ ያማርራል። እኔ በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ፤ አልተመለስኩም።

አያትየው ደጃፋቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሙሽሮቹ ልብሳቸውን ቀይረው ጉልበታቸውን ሳሙ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት፤ አነሳሁ። ፎቶው ሜሞሪው ላይ መስፈሩን የሚነግረው የካሜራው መብራት እስኪጠፋ ጠበቅሁ፤ ሜሞሪውን አወጣሁና ሁለተኛውን ከተትኩ።

«በሉ እንደገና ሳሙ።»

«ምነው፣ ተበላሸ?» አሉ አያትየው።

«ደህና ነው። ይኼኛው ለሁለተኛው ሜሞሪ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ጉልበቴን እርጅና በልቶታል፤ የተረፈውን ደግሞ በመሳም ልታስጨርሰው ነው? ምርቃቱም ይደገማል?»

«ይደገም እንጂ አባቴ።»

«እንግዲያው እንደ ፊተኛው አይሆንም፤ ምርቃት እንደ መጣ ነው» አሉና፣ «ውለዱ፣ ክበዱ፤ ይህንንም ግትር በሰላም አገሩ ያግባው» ብለው መረቁ። አነሳሁ።

ካሜራውን አጠፋሁ፣ ሜሞሪውን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ፣ ከፈትኩ። አለ። የፊተኛውንም ከትቼ አየሁ። አለ። ሙሽሪት ካሜራውን ወደ አያቷ ዓይን አስጠጋች፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ደክሟል።

«እጄ ታየ?»

«አዎ አባዬ፣ ራሴ ላይ ነው።»

«እንግዲህ በቃ። ምሳ አቅርቡ።»

እነሱ ሁለት ቀን ሊሰነብቱ ነው፤ እኔ በማግሥቱ ተመላሽ ነኝ። አንዱን ሜሞሪ ሙሽሪት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሁለተኛውን ፎቶው እንዳይሰረዝ የጎኑን መቆለፊያ ዘግቼ በደረት ኪሴ ከተትኩ፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ አብረው እንዳይሄዱ።